በባዶ ሆድ፣ በአረፋ ሳምንት

የክሊኒካችን ኮሪደር የሚያውቀኝ በአንድ ጥያቄ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአልትራሳውንድ ክፍሉን በር እከፍትና አግዳሚው ላይ ወረፋ ይዘው የተቀመጡትን ሰዎች ከዳር እስከ ዳር አይቼ፣ «ቁርስ የበላ ማነው?» እላለሁ። እጁን ያወጣ ካለ ካርዱን መልሼ እሰጠዋለሁ። «ነገ በባዶ ሆድ ይምጡ።» ክርክር የለም፣ ልመና የለም። ከሩቅ ገጠር በጋሪ የመጣ ሰው ሲለማመጠኝ እንኳ ዝም ብዬ የሚቀጥለውን ስም እጠራ ነበር።

ቁጡ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ያሉት ዘመዶቼ ቁጣውን ከእናቴ እንደወረስኩት ይናገራሉ፤ እናቴ ደግሞ ከአባቴ ወገን የመጣ ነው ትላለች። ከየትም ይምጣ፣ ሥራዬ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ አምን ነበር። የበላ ሰው ሆድ በአየር ይሞላል፣ ማሽኑም አየር አልፎ አያይም። ጉበታቸውን ለረጅም ጊዜ የታመሙ ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። ከአንጀትና ከጣፊያ ደም ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚያስገባ አንድ ትልቅ ደም ሥር አለ። ጉበት በጠባሳ ሲደድር ደሙ እንደ ልቡ መግባት ያቅተዋል፤ ፍሰቱ ይዘገያል፣ ሲብስም ወደ ኋላ ይዞራል። መግቢያ ያጣው ደም ሌላ መንገድ ይፈልግና የምግብ ቧንቧ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጥራቸዋል። እነሱ አንድ ቀን ከፈነዱ ሰውየው ደም ያስታውካል፤ ሆስፒታል ሳይደርስም ሊሞት ይችላል።

ያን ፍሰት ዶፕለር በሚባለው የማሽኑ ዘዴ እለካዋለሁ። ሰው ሲበላ ግን ደም ወደ አንጀቱ ይሮጣል፣ ከአንጀቱም ወደ ጉበቱ። ቀርፋፋው ፍሰት ለጥቂት ሰዓት ፈጥኖ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ባዶ ሆድ፣ ባዶ ሆድ እያልኩ ሰው የማስመርረው ለዚህ ነበር።

ቡታጅራ በአረፋ ሳምንት ትሞላለች። አዲስ አበባ ሱቁን ዘግቶ የመጣ ሰው ሁሉ መናኸሪያው ላይ ይወርድና በባጃጅ፣ በጋሪ፣ በእግሩም ወደየገጠሩ ይበተናል። ክሊኒኩ በበዓሉ ሰሞን ጭር ብሎ ይሰነብትና ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ሰው መምጣት ይጀምራል። ያን ዓመት አረፋው እንዳለፈ የሐዋርያት ጾም ገባ። ብዙ የከተማ ሰው የቄስ ጾም ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን እናቴ በስልክ ስትጠይቀኝ መዋሸት ስለማልችል እጾመዋለሁ። የተራበ ቁጡ ሰው ምን እንደሚመስል ኮሪደሩ ይመስክር።

አዛውንቱ ያን ረቡዕ ከወረፋው አምስተኛ ነበሩ። ስልሳ ዓመት የሚሞላቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ጀለቢያ ላይ ኮት የደረቡ፣ ኮፊያቸው የጸዳ ገበሬ ናቸው። ከቡታጅራ በላይ፣ በዘቢዳር ተራራ በኩል ካለ መንደር ነው የሚመጡት። የጉበት ቫይረስ ለብዙ ዓመት ሳያውቁት አብሯቸው ኖሮ ጉበታቸውን ጎድቶታል። የካቲት ላይ አንድ ጊዜ አይቻቸው ነበር፤ መድኃኒት የጀመሩት ያኔ ነው።

ከወልቂጤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ የውስጥ ደዌ ሐኪም አለን። ያን ጠዋት ወረቀታቸውን ይዞ ወደ እኔ ክፍል ገባ። «የእኚህን ሰው ደም ሥር በደንብ እዪልኝ» አለኝ። «ፍሰቱ ከዘገየ ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ እጽፍላቸዋለሁ። የምግብ ቧንቧቸው በካሜራ ይታያል፤ ያበጠ ደም ሥር ከተገኘ ሳይፈነዳ ይታሰርላቸዋል። ደህና ከሆነ ግን መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ቤታቸው ይክረሙ። መስከረም ላይ እናያቸዋለን።»

ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወይ አሁኑኑ አዲስ አበባ፣ ወይ ክረምቱን ሙሉ ጭቃው መንገዱን በሚዘጋበት መንደር። የሚወስነው እኔ የምጽፈው አንድ መስመር ነው።

«ቁርስ የበላ ማነው?» አልኩ እንደ ልማዴ። ማንም እጁን አላወጣም። በአረፋ ሳምንት፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ አንድ የበላ መጥፋቱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። በስንት ጭቅጭቅ አስተማርኳቸው ብዬ በሆዴ ራሴን አመሰገንኩ።

አዛውንቱ አልጋው ላይ ሲወጡ ጨዋታ ጀመሩ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ማለቱን ነገሩኝ፣ ወላሂ ብለው። የጋሪው ፈረስ ዳገቱ ላይ እምቢ ብሎ መቆሙን ነገሩኝ፣ አሁንም ወላሂ ብለው።

«አባቴ፣ ምንም አልቀመሱም አይደል?» አልኳቸው።

«አልቀመስኩም፣ ልጄ።»

ለዝናቡና ለፈረሱ የማሉት ሰው ለዚህ አልማሉም። ይህን ያስተዋልኩት ከአንድ ቀን በኋላ ነው።

ጄሉን ቀብቼ «ይተንፍሱ፣ ይያዙት» እያልኩ ማየት ጀመርኩ። ጉበታቸው ጠርዙ ተጨማድዷል። ጣፊያቸው ከየካቲቱ ትንሽ ገፋ ብላለች። የሐሞት ከረጢታቸው ሟሽሻለች። በባዶ ሆዱ ያደረ ሰው የሐሞት ከረጢት ሞልታ ነው የምትገኘው፤ ምግብ ሲገባ ነው ሐሞቷን ወደ አንጀት ጨምቃ እንዲህ የምትኮማተረው። ይህን ተማሪም ያውቀዋል። እኔ ግን ጉበቱ የታመመ ሰው ላይ አንዳንዴ ግድግዳዋ ይወፍርና እንዲህ ልትመስል ትችላለች ብዬ አለፍኩት። ውጭ ሰው ይጠብቃል፤ እሳቸውም አልበላሁም ብለዋል፤ እኔ ፊት ደግሞ ማን ይዋሻል።

ዶፕለሩን ከፈትኩት። ድምፁ ሳይቆራረጥ እሽ እያለ መጣ፣ ሞልቶ እንደሚወርድ የመስኖ ቦይ። ፍጥነቱ ጤነኛ ሰው ላይ የማየው ዓይነት ነበር። «ፍሰቱ መደበኛ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሐኪሙም አይቶ መስከረም ላይ ቀጠራቸው። አዛውንቱ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «አላህ ይስጥሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ሐሙስ ከሰዓት ከዘበኛችን ጋር በሩ ላይ ቆመን እናወራለን። የዚያው አገር ሰው ነው፣ የሁሉንም መንደር ያውቃል። ሰው እየተማረ ነው፣ ትናንት አንድ የበላ እንኳ አልነበረም ብዬ ጉራዬን ነፋሁበት። ሳቀ። ሳቁ ትንሽ በዛ።

«እህቴ፣ እውነቱን ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ?»

«ምን አድርገህ?»

«እዚህ በር ላይ የማስጠናቸው እኔ ነኝ። በላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃችኋለች፣ አልበላንም በሉ፣ አለዚያ ትመልሳችኋለች እላቸዋለሁ። ከተራራው ሥር ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣ ሰው እንዴት አድርጎ ይመለስ? ትናንት እኚያ ኮት የለበሱት ሰውዬ ጢማቸው ላይ ቅቤ ነበር። በመሐረቤ ያስጠረግኳቸው እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጢሙ የማን እንደሆነ ገባኝ።

ወደ ክፍሌ ሄጄ ያስቀመጥኩትን ምስል ከማሽኑ አወጣሁ። የሐሞት ከረጢቷ ኩምትር ብላ አለች። ትናንትም እንዲሁ ነበረች፤ እያየኋት ነው ያለፍኳት። በመጀመሪያ በዘበኛው ተናደድኩ። ቀጥሎ በአዛውንቱ። በራሴ ለመናደድ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ሲመጣ ግን ከሁለቱ የባሰ ሆኖ መጣ። ሰዎቹን ውሸት ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። እውነቱን የተናገረ ሰው እኔ ዘንድ የሚያገኘው ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ የዋሸው ደግሞ ይታይለታል። በዚህ ዓይነት ማን ሞኝ ነው እውነት የሚናገር?

ካርዳቸው ላይ ያለው ስልክ ዝግ ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። ወልቂጤ ላለው ሐኪም ደውዬ ነገርኩት። «ጣፊያቸው ትልቅ መሆኗ እኔንም አላማረኝም ነበር፤ ያንቺን ጽሑፍ አይቼ ነው የተውኩት» አለ። «ሰኞ ድገሚላቸው። ግን ከየት ታገኛቸዋለሽ?»

ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሁ ዘበኛው በነገረኝ ምልክት ጋሪ ተሳፈርኩ። የኮረኮንቹ መንገድ ሲያልቅ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ዝናብ ጠዋት ጥሎ ስለነበር ጫማዬ ጭቃውን ይዞ ይነሳል። ግራና ቀኝ እንሰት ነው፣ በመሐል በመሐል የበርበሬ ማሳ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ቤት ደጅ ላይ አንድ ሰውዬ ቆመው ነበር። ሰላም ብያቸው የአዛውንቱን ቤት ጠየቅኳቸው።

«ግቢ» አሉኝ።

«ቸኩያለሁ አባቴ፣ መንገዱን ብቻ…»

«መንገዱንማ ተቀምጠሽ ነው የምነግርሽ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን የምራቸውን ነው፤ በሩን ለቀቅ አድርገው ቆመዋል፣ ከውስጥም በርጩማ ሲጎተት ይሰማኛል። ገባሁ። ጾመኛ መሆኔን ስናገር ቆሎ መጣልኝ፤ ዘግኜ ተመርቄ ወጣሁ። ሁለተኛው ቤት ምንም ሳልጠይቅ ከአጥር ውስጥ ጠሩኝ። እምቢ አልኩ። የቤቱ እመቤት ፊት ላይ ያየሁትን ነገር ዛሬም አልረሳውም፤ ሰድቤያቸው የሄድኩ ያህል ነበር የከፋቸው። ተመልሼ ገባሁና ድንች ቀመስኩ። አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ሁለት ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ማንም አያውቀኝም፣ በዓሉም የእኔ አይደለም። እዚህ ተወልዶ ያረጀ ሰው፣ ያውም በአረፋ ሳምንት፣ እነዚህን በሮች በባዶ ሆዱ እንዴት አልፎ እኔ ጋ ይድረስ? እዚህ በሠራሁበት ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቅኩት ሰው የለም።

የአዛውንቱ ቤት ትልቅ ጎጆ ነው። ውስጡ በሰው ሞልቷል፤ እንግዶቹ ሰፊ ገበታ ከበው ሥጋና ቆጮ ይበላሉ። አዛውንቱ ከገበታው ራቅ ብለው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ላይ አንዲት ትንሽ ሳህን አለች። ሲያዩኝ ክው አሉ። ልቆጣቸው እዚያ ድረስ የመጣሁ ነው የመሰላቸው። ባለቤታቸው ተቀብለው ካስቀመጡኝ በኋላ ጠጋ ብለው በዝግታ ጠየቁኝ፣ «ጾም ገብቶባችኋል አይደል?»

ገብቷል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

አዛውንቱን ለብቻዎ ላናግርዎት አልኳቸውና ከቤቱ ኋላ ወዳለው ጓሮ ሄድን። እንሰቱ ሥር ቆመን ነገርኳቸው። የጻፍኩት ስህተት ሊሆን እንደሚችል፣ ምርመራው በባዶ ሆድ መደገም እንዳለበት፣ እስከ መስከረም መጠበቅ አደገኛ እንደሚሆን። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«በልቻለሁ» አሉ። «ወላሂ በልቻለሁ። ዋሸሁሽ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ያስዋሸሁዎት እኔ ነኝ።»

«ሦስት ቤት ነው የገባሁት። ሁለቱን አንድ አንድ ጉርሻ ጎርሼ አመለጥኩ። ሦስተኛው ግን የታላቅ እህቴ ነው።»

እህታቸው ባል የሞተባቸው፣ ቤታቸው መንገዱ ዳር ያለ ሴት ናቸው። በየዓመቱ አረፋ ላይ የወንድማቸውን ድርሻ ከመጀመሪያው ቀን ለይተው ያስቀምጡና እስኪመጡ ይጠብቃሉ። ወንድምየው ያን ረቡዕ በዚያ በር ሲያልፉ ድርሻቸው ወጣ፣ ቡላ በቅቤ ቀረበ፣ እህትየውም ከዚያው ሳህን ሊበሉ አብረው ተቀመጡ።

«ታምሜያለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል ቢሏቸውስ?»

ዙሪያቸውን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኔን ነገር ከሚስቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ጉበት ነው ካልኩ ማን ከእኔ ጋር ይበላል? በየመንደሩ የሚወራውን ታውቂ የለ፣ በምግብ ይጋባል ይላሉ። ከየካቲት ጀምሮ ለብቻዬ ነው የምበላው። ልጆቼን ሐኪም ቅመም ከልክሎኛል እያልኩ። እህቴ ግን ጎትታ አስቀመጠችኝ። በእኔ ጥግ በኩል ብቻ ነበር የምቆርሰው። ልጄ፣ እሷን አስያዝኳት ይሆን?»

ይህን ፍርሃት አራት ወር ተሸክመውት ኖረዋል። የካቲት ላይ አይቻቸው ነበር፣ ረቡዕም አይቻቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የጠየቅኳቸው በልተው እንደሆነ ብቻ ነው። መድኃኒት ሰጥተን፣ ቀጠሮ ጽፈን፣ ስለ ገበታቸው አንዳችንም አልነገርናቸውም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወደ እንሰቱ ዞር ብዬ ሳልኩ።

አላስያዙም አልኳቸው። ይህ ቫይረስ በአንድ ሳህን በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በምላጭ፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በባልና ሚስት መካከልም ነው። ባለቤትዎና ልጆችዎ መጥተው ይመርመሩ፣ ያልያዘው ክትባት ይወስዳል፤ ገበታዎን ግን ማንም አይከለክልዎትም አልኩ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። በሁለተኛው «ወላሂ በይ» አሉኝ። በእነሱ ወግ መማል ባልችልም በእናቴ ስም ማልኩላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ለእኔ ለብቻው ቀርቦልኝ ነበር፤ ቆጮና ጎመን። ባለቤታቸው አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አስረዱኝ። «ቅቤ የለበትም፣ በዘይት ነው። ቢላችንም አልነካውም። ጎመኑም ድስቱም ከጎረቤታችን ነው የመጣው፣ የእናንተ ሰው ናት፣ እሷም ጾም ይዛለች።»

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያፈርኩት። እኔ ሳልጠራ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እነሱ ግን የማልበላውን ሥጋ፣ የያዝኩትን ጾም፣ የቢላውን ነገር ሳይቀር አስበው ጎረቤት ድረስ ሄደውልኛል። እኔ ደግሞ እነሱ እምቢ ሊሉት የማይችሉትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳላስብ ካርዳቸውን እየመለስኩ ስሰድ ኖርኩ።

«አባቴ፣ ብቻዬን አልበላም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይምጡና አብረን እንብላ።»

አዛውንቱ ትንሿን ሳህናቸውን ትተው መጡ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ወደ ሳህኔ ሰደዱ። በራሳቸው ጥግ ቆረሱ። እኔ በእሳቸው ጥግ በኩል ቆረስኩ። ሁለተኛውን ሲቆርሱ ወደ መሐል ገቡ። ባለቤታቸው ብድግ ብለው ከምሰሶው ኋላ አንድ ነገር የሚፈልጉ መሰሉ፤ ሲመለሱ ነጠላቸው ዓይናቸው ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩን ከፈትኩ። ስድስት ዓመት የጠየቅኩትን ጥያቄ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ዛሬ ስትመጡ ማን ቤት ገባችሁ?» አልኩ። አግዳሚው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዷ ሴትዮ አክስቴ ቤት አሉ፣ አንዱ አማቴ ቤት፣ ሌላው ሁለት ቤት። ካርድ አልመለስኩም፤ የበሉትን እስከ ከሰዓት ድረስ እንዲጠብቁ አደረግኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ሆኖ እያየኝ ይስቅ ነበር።

አዛውንቱ ባለቤታቸውንና አንዲት በዘንግ የሚሄዱ አሮጊት ይዘው መጥተዋል። አሮጊቷ እህታቸው ናቸው። እሑድ ዕለት ሄደው ሁሉንም ነግረዋቸዋል። ጠዋት ከመንደሩ ሲወጡ እህትየው ከፊት ከፊት እየሄዱ በየደጁ «ዛሬ ወንድሜን አትጥሩት፣ ሐኪም ዘንድ ነው የምወስደው» እያሉ ነው ያሳለፏቸው። ሰው ቅር ይለው እንደሆነ እኔ እጠየቃለሁ ብለዋል። የራሳቸውን በር ደግሞ ቆልፈው፣ ቁልፉን ጡታቸው ሥር ሸጉጠው ነው የመጡት።

«ምን ቀመሱ?» አልኳቸው አዛውንቱን አልጋው ላይ።

«ወላሂ ውኃ እንኳ አልነካሁም።»

የሐሞት ከረጢታቸው ሞልታ፣ ጥቁርና ክብ ሆና ታየች። ዶፕለሩን ከፈትኩ። ያ ረቡዕ ዕለት የሰማሁት እሽታ የለም። ድምፁ ደካማ ነው፣ በየመሐሉ ሊጠፋ ይደርሳል። ፍጥነቱን ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስቱም ያው ቀርፋፋ። በጣፊያቸው በኩልም ባለፈው በአየር ተሸፍነው ያላየኋቸው ጥምዝምዝ ደም ሥሮች አሉ፤ መንገድ ያጣው ደም ያበጃቸው ናቸው።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

አልሸሸግኳቸውም። «ፍሰቱ ዘግይቷል አባቴ። አዲስ አበባ ይሄዳሉ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ በረጋ ድምፅ፣ ኮታቸውን እየደረቡ።

ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ጻፈላቸው፣ በማግስቱ ሄዱ። ምግብ ቧንቧቸው ላይ ሊፈነዱ የደረሱ ደም ሥሮች ተገኝተው ታሰሩላቸው። እስከ መስከረም ቢጠብቁ ኖሮ ብዬ የማስበው ብዙ ጊዜ ነው፣ በተለይ ክረምቱ ሲጠና። ዛሬ በየጊዜው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ጉበታቸው አልዳነም፣ እሳቸው ግን አሉ።

ስለዚያ ሰኞ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ውጤቱን ጽፌ ስወጣ እህታቸው አግዳሚው ላይ ነበሩ። ጉልበታቸው ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፣ ጠዋት ከገቡ ጀምሮ ከእጃቸው አልለቀቁትም። እሳቸውም ከወንድማቸው ጋር ሳይበሉ ነው የዋሉት። አማርኛቸው ጥቂት ነው። ስለ ደም ሥሩ፣ ስለ አዲስ አበባ አልጠየቁኝም፤ ያን ወንድማቸው ይነግራቸዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁን ይብላ?»

«ይብላ፣ እናቴ» አልኳቸው።

ቅጠሉን ፈቱት። ቆጮ ነበር፣ በቅቤ የታሸ። ከክፍሉ ለወጡት ወንድማቸው ቦታ ለቀቁላቸው፣ አዛውንቱም አጠገባቸው ተቀመጡ። ቅጠሉን በመካከላቸው ዘረጉ። እህትየው እጃቸውን ሰደዱና ወንድማቸው ከቆረሱበት ሥፍራ ቆረሱ።